ካርል ሴጋን

ካርል ኤድዋርድ ሴጋን (ጥቅምት 30 ቀን 1927 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 11 ቀን 1989 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 9 ቀን 1934 – ዲሴምበር 20 ቀን 1996) አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ደራሲ ነበር። በፕላኔቶች ከባቢ አየር ጥናት፣ ወደ ሕዋ በተላኩ መልእክቶች እና «ኮስሞስ» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ይታወቃል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ማይሎዲስፕላሲያ የተባለ የመቅኔ በሽታ ይዞት ሦስት ጊዜ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎለታል። በ62 ዓመቱ ያረፈው በሳንባ ምች ነው። ሕመሙንና ሕክምናውን ራሱ ለሕዝብ ስለ ጻፈ፣ የሕይወት ታሪኩ በዚያ ዘመን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ምን ሊሰጥና ምን ሊነሣ ይችል እንደነበር ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወትና ትምህርት

ሴጋን የተወለደው በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ነው። አባቱ ዛሬ በዩክሬን ከምትገኘው ካሚያኔትስ ፖዲልስኪ ከተማ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲሆን በልብስ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። እናቱ የኒው ዮርክ ተወላጅ ነበረች። ካርል አንዲት ታናሽ እህት ብቻ ነበረችው። ይህች እህት ከብዙ ዓመታት በኋላ በሕይወቱ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዛ ትገኛለች።

በ1939 ወላጆቹ በኒው ዮርክ ወደ ተከፈተው ዓለም አቀፍ ትርኢት ወሰዱት። እዚያ ያየው የመጪው ዘመን ሥዕል ዕድሜውን በሙሉ ከአእምሮው አልጠፋም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኮከብ ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የኮከቦች መጽሐፍ ጠየቀ። የተሰጠው ግን የፊልም ተዋንያን ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ነበር። ስሕተቱ ከታረመ በኋላ ባገኘው መጽሐፍ ፀሐይ ቅርብ ያለች ኮከብ፣ ኮከቦችም እጅግ የራቁ ፀሐዮች መሆናቸውን አነበበ።

በ1951 በኒው ጀርዚ ከራዌይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመርቆ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያው በፊዚክስ የማስተርስ ዲግሪ፣ በ1960 ደግሞ በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። በዘመኑ ፕላኔቶችን ከሚያጠኑት ጥቂት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ጄራርድ ካይፐር መምህሩ ነበር። ከዚያም በበርክሊ ተመራምሮ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ሃርቫርድ ቋሚ የመምህርነት ቦታ ስለ ከለከለው በ1968 በኢታካ ከተማ ወደሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም የዚያ መምህር ሆኖ ቆየ።

ሳይንሳዊ ሥራ

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቬነስ ምን ዓይነት ፕላኔት እንደሆነች አይታወቅም ነበር። ከደመናዋ በታች ረግረግ ወይም ባሕር ሊኖር ይችላል የሚሉ ነበሩ። ከቬነስ የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ ግን ለምቹ ፕላኔት የማይስማማ ብርቱ ሙቀት ያመለክት ነበር። ሴጋን ይህ ሙቀት ወፍራሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር የፀሐይን ሙቀት አፍኖ በመያዙ የመጣ መሆኑን በስሌት አስረዳ። በ1962 በቬነስ አጠገብ ያለፈችው ማሪነር 2 የተባለች መንኮራኩር የላከችው መረጃ ሐሳቡን ደገፈ። በኋላም የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩሮች ቬነስ ላይ አርፈው 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ለክተዋል።

በማርስ ላይ በየወቅቱ የሚታየው የቀለም መለዋወጥ ከዕፅዋት ሳይሆን በነፋስ ከሚነዳ አቧራ የመጣ ነው የሚለውን ማብራሪያም ከባልደረባው ጋር አቅርቧል። በ1976 ማርስ ላይ ባረፉት ሁለት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ሥራ ተሳትፏል።

በ1972 የተላከችው ፓየኒር 10 ስለ ሰው ልጅ የሚናገር ሥዕል የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ይዛ ሄዳለች። ሰሌዳውን ያቀደው ሴጋን ከፍራንክ ድሬክ ጋር ሆኖ ነው። በ1977 በተላኩት ሁለቱ የቮየጀር መንኮራኩሮች ላይ ደግሞ በወርቅ የተለበጠ የድምፅ ሸክላ ተቀምጧል። ሸክላውን ያዘጋጀውን ቡድን የመራው ሴጋን ነበር። በውስጡ በ55 ቋንቋዎች የተነገረ ሰላምታ፣ የተፈጥሮ ድምፆች፣ ፎቶዎችና የተለያዩ ሕዝቦች ሙዚቃ አሉ። ከአፍሪካ ቋንቋዎች ሉጋንዳ፣ ሶቶና ኒያንጃ ይገኙበታል፤ አማርኛ ግን የለበትም።

ለሕዝብ የቀረበ ሳይንስ

ሴጋን ሳይንስ በሊቃውንት መካከል ብቻ መቅረት የለበትም ብሎ ያምን ነበር። ስለ ሰው አእምሮ አዝጋሚ ለውጥ የጻፈው «የኤደን ድራጎኖች» የተባለ መጽሐፍ በ1978 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ1980 የቀረበውና 13 ክፍሎች ያሉት «ኮስሞስ» ከ500 ሚሊዮን በላይ ተመልካቾች እንዳገኘ ይገመታል። ዝግጅቱን የጻፈው ከአን ድሩያንና ከስቲቨን ሶተር ጋር ነው። አን ድሩያን በ1981 ባለቤቱ ሆነች። ከዚያ በፊት ከባዮሎጂ ሊቋ ሊን ማርጉሊስ፣ ቀጥሎም ከሠዓሊዋ ሊንዳ ሳልዝማን ጋር ትዳር መሥርቶ ነበር። በጠቅላላው የአምስት ልጆች አባት ነው።

በ1990 ቮየጀር 1 ከመሬት ስድስት ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለች፣ ካሜራዋን ወደ ኋላ አዙራ ፕላኔቶችን እንድታነሣ የጠየቀው ሴጋን ነበር። በፎቶው ላይ መሬት በብርሃን ጨረር ውስጥ እንዳለች አንዲት ቅንጣት ትታያለች። በ1994 ያሳተመው «ፈዛዛ ሰማያዊ ነጥብ» የተባለው መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚህ ፎቶ ነው።

ክርክሮችና ስሕተት

በ1983 ሴጋንና አራት ባልደረቦቹ የኒውክሌር ጦርነት የሚያስነሣው ጢስና ጥቀርሻ ፀሐይን ጋርዶ መሬትን ሊያቀዘቅዝ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት አወጡ። «የኒውክሌር ክረምት» በሚል ስም የታወቀው ይህ ሐሳብ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ሴጋን በኔቫዳ የኒውክሌር መሞከሪያ ቦታ በተደረገ የተቃውሞ ሰልፍም ታስሮ ነበር።

በ1991 የኩዌት የነዳጅ ጉድጓዶች ሲቃጠሉ፣ ጢሱ የእስያን እርሻ እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። ይህ አልሆነም። ሴጋን መሳሳቱን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ አምኗል። ማስረጃ ሲመጣ ሐሳብን መለወጥ የሳይንስ ዋና ጠባይ ነው ብሎ ያስተምር ስለ ነበር፣ ይህን በራሱ ላይም ሠርቶበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ1992 አባልነቱን ባይቀበልም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይንስን ለሕዝብ ጥቅም በማዋሉ ከፍተኛ ሜዳሊያ ሰጥቶታል።

ሕመሙ መታወቁ

በ1994 መጨረሻ ባለቤቱ በክንዱ ላይ ለሳምንታት ያልጠፋ የበለዘ ምልክት አየችና ምርመራ እንዲያደርግ አሳሰበችው። ሴጋን ራሱን እንደ ጤነኛ ይቆጥር ነበር። የደም ምርመራው ግን ማይሎዲስፕላሲያ እንዳለበት አሳየ። በዚህ በሽታ መቅኔ የሚያመርታቸው የደም ሕዋሳት ጉድለት ያለባቸው ይሆናሉ፣ ቁጥራቸውም ያንሳል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ሲያንሱ ቆዳ በትንሹ ይበልዛል፤ ቀይ ሕዋሳት ሲያንሱ ድካም፣ ነጭ ሕዋሳት ሲያንሱ ደግሞ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ይከተላል። በሽታው ወደ ሉኪሚያ፣ ማለትም ወደ ደም ካንሰር፣ ሊለወጥም ይችላል።

ደም መስጠት ምልክቱን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ሊያድን የሚችለው ብቸኛ መንገድ የታመመውን መቅኔ አጥፍቶ በጤነኛ መተካት ነበር። ለዚህ የለጋሹና የሕመምተኛው የሕብረ ሕዋስ ዓይነት መመሳሰል አለበት። አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ሴጋን ያለችው እህት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ምርመራው እንደምትስማማው አሳየ፤ እርሷም መቅኔዋን ለመስጠት ፈቀደች።

የሲያትሉ ማዕከልና ሕክምናው

ሴጋን ከባለቤቱ ጋር አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ በሲያትል ከተማ ወደሚገኘው የፍሬድ ሀቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ሄደ። ማዕከሉ የተሰየመው በ1964 በሳንባ ካንሰር በ45 ዓመቱ ለሞተ የቤዝቦል ተጫዋች መታሰቢያ ነው። በዚያ የሠራው ዶክተር ዶናል ቶማስ በ1957 በሰው ላይ የተደረጉ የመጀመሪያዎቹን የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሙከራዎች ውጤት ያሳተመ ሐኪም ነው። በእነዚያ ሙከራዎች ከታከሙት ሕሙማን ለረዥም ጊዜ የኖረ አልነበረም፤ ብዙ ሐኪሞችም ሥራውን ተዉት። ቶማስ ግን ቀጠለበት፤ በ1990ም የኖቤል ሽልማትን ከኩላሊት ንቅለ ተከላ ፈር ቀዳጁ ከጆሴፍ መሪ ጋር ተካፈለ።

በንቅለ ተከላ ጊዜ የሕመምተኛው መቅኔ በብርቱ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም በጨረር ጭምር ይጠፋል። ለጋሹ በማደንዘዣ ተኝቶ ከዳሌው አጥንት መቅኔ በመርፌ ይወሰድለታል። በመቅኔው ውስጥ ዋናዎቹ ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ የሚባሉት ናቸው፤ ሁሉም የደም ሕዋሳት የሚፈልቁት ከእነርሱ ነው። ወደ ሕመምተኛው የሚገቡት እንደ ተራ ደም በደም ሥር ነው፤ ወደ አጥንት የሚወስደውን መንገድም ራሳቸው ያገኙታል። አዲስ ደም ማምረት እስኪጀምሩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳሉ። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ኢንፌክሽንን የሚከላከልበት ነጭ ሕዋስ የለውም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ንቅለ ተከላ የተደረገለት በኤፕሪል 1995 ነው። በዚያን ጊዜ 60 ዓመቱ ነበር፤ ይህም ለዚህ ዓይነት ብርቱ ሕክምና ከፍ ያለ ዕድሜ ነው። የእህቱ ሕዋሳት ሥር ሰደዱ፤ ሴጋንም አገግሞ ወደ ኢታካ ተመለሰ፤ ወደ ጽሑፍ ሥራውም ገባ። አጉል እምነትንና የሐሰት ሳይንስን የተቸበት «በአጋንንት የተያዘው ዓለም» የተባለው መጽሐፍ የወጣው በዚሁ ዓመት ነው። ይሁን እንጂ የበሽታው ሕዋሳት ፈጽመው አልጠፉም ነበር። በሽታው ስለ ተመለሰ ሕክምናው ለሁለተኛ፣ ቀጥሎም ለሦስተኛ ጊዜ ተደገመ።

ሕመሙ በተሰማ ጊዜ ከብዙ አገር ደብዳቤ ጎረፈለት። ክርስቲያኖች፣ ሙስሊሞችና ሂንዱዎች ጸለዩለት። ሴጋን ከሞት በኋላ ሕይወት አለ የሚል ማስረጃ አላገኘሁም የሚል ሰው ነበር፤ ሕመሙም ይህን አቋሙን አልለወጠውም። ቢሆንም የጸለዩለትን ሁሉ በጽሑፍ አመስግኗል።

ሳንባና ንቅለ ተከላ

ከንቅለ ተከላ በኋላ ሕይወትን ከሚያሰጉ ነገሮች ዋነኛው የሳንባ ጉዳት ነው። ሳንባ በየዕለቱ በሺህ የሚቆጠር ሊትር አየር ያስገባል፤ ከአየሩም ጋር ተሕዋስያንንና የፈንገስ ብናኝን ይቀበላል። ከልብ ቀኝ ክፍል የሚወጣው ደም ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል፤ የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳም እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ኬሞቴራፒና ጨረር ይጎዱታል፣ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባበታል፣ የለጋሹ ነጭ ሕዋሳትም እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁት ይችላሉ።

ጉዳቱ የሚለያየው ከንቅለ ተከላው በኋላ ባለፈው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ወር፣ ነጭ ሕዋሳት በሌሉበት ጊዜ፣ የባክቴሪያና የፈንገስ የሳንባ ምች ይበዛል። ሳንባ ውኃ ሊቋጥር ወይም ወደ ውስጥ ሊደማም ይችላል። አንዳንዴ ምንም ተሕዋሲ ሳይገኝ ሁለቱም ሳንባዎች ይቆጣሉ። ከሁለተኛው ወር እስከ መቶኛው ቀን ድረስ ደግሞ ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተባለ ቫይረስ ይፈራል። ይህ ቫይረስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ተደብቆ የሚኖር ነው። ለንቅለ ተከላ ሕመምተኛ ግን ሳንባ ሲገባ ቀድሞ ከሚታከሙት አብዛኞቹን ይገድል ነበር። ከመቶኛው ቀን በኋላ በለጋሹ ሕዋሳት ጥቃት ምክንያት ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ቀስ በቀስ በጠባሳ ሊዘጉ ይችላሉ። ይህ ጉዳት ከተፈጠረ በኋላ ለመመለስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሐኪሞች የሕመምተኛውን የትንፋሽ ኃይል በየጊዜው ይለካሉ።

ንቅለ ተከላው በተደጋገመ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል። ሰውነት ከመጀመሪያው ሕክምና ሳያገግም ሁለተኛውን ይቀበላል፤ የመከላከያ ኃይሉም ለረዥም ጊዜ ደካማ ሆኖ ይቆያል። መቅኔው ድኖ እንኳ ሕመምተኛው በሳንባው ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻ ወራት

በ1996 ሴጋን ድካም ቢኖርበትም መሥራቱን አላቆመም። «ኮንታክት» ከተባለው ልቦለዱ የሚሠራውን ፊልም ከባለቤቱ ጋር ይከታተል፣ ስለ ሕመሙ የተረከበትን ምዕራፍ የያዘውን የመጨረሻ መጽሐፉንም ይጽፍ ነበር። በምዕራፉ ውስጥ የመዳን ተስፋውን ገልጿል። ከሞት አፋፍ መመለሱ ለሕይወት ያለውን ፍቅር እንዳጸናለት፣ ትንንሾቹ ልጆቹ ሲያድጉ ማየት እንደሚመኝም ጽፏል።

በዲሴምበር ወር የሳንባ ምች ያዘው። በዚያው በሲያትል ማዕከል ሲታከም ቆይቶ ዲሴምበር 20 ቀን 1996 አረፈ። የተቀበረው በኢታካ ነው። መጽሐፉ በሚቀጥለው ዓመት ታተመ፤ የመጨረሻዎቹን ቀናት የሚተርከውን መዝጊያ የጻፈችው አን ድሩያን ናት። «ኮንታክት» ፊልምም በ1997 ለሕዝብ ታየ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ለውጥ

ሴጋን የታከመበት ዘመን በንቅለ ተከላ ታሪክ ውስጥ የሽግግር ጊዜ ነበር። የሳይቶሜጋሎቫይረስን የሳንባ ምች ለመከላከል ጋንሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት በሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሲያትል የነበሩ ሐኪሞች፣ በተለይም በራይነር ስቶርብ የተመራው ቡድን፣ መቅኔን ሙሉ በሙሉ የማያጠፋ ቀለል ያለ ዝግጅት አስፋፉ። በዚህ ዘዴ በሽታውን የማጥፋቱን ሥራ በአብዛኛው የሚፈጽሙት የለጋሹ ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው። ሳንባን የሚጎዳው የኬሞቴራፒና የጨረር መጠን ስለሚያንስ፣ በሴጋን ዕድሜ ያሉና ከዚያም በላይ የሆኑ ሰዎች ሕክምናውን ማግኘት ቻሉ። ፈንገስን የሚያጠፉ አዳዲስ መድኃኒቶችም ተጨመሩ።

በ2010 የወጣ የሲያትል ማዕከል ጥናት ከ1993 እስከ 1997 የታከሙ ሕሙማንን ከ2003 እስከ 2007 ከታከሙት ጋር አነጻጽሯል። የሕሙማኑን ልዩነት ግምት ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ በሽታው ሳይመለስ በመጀመሪያዎቹ 200 ቀናት የመሞት አደጋ በ60 በመቶ፣ አጠቃላይ የሞት አደጋም በ41 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በጉበት፣ በኩላሊትና በሳንባ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንዲሁም ኢንፌክሽን ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ለመሻሻሉ ምክንያት የሆነው የትኛው ለውጥ እንደሆነ ለይቶ አያረጋግጥም። የሴጋን ሕክምና የሚወድቀው በመጀመሪያው ዘመን ውስጥ ነው። ዛሬም ቢሆን የሳንባ ችግር ከንቅለ ተከላ በኋላ ለሞት ከሚያበቁ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

መታሰቢያ

ሴጋን ከሞተ ከሰባት ወር ገደማ በኋላ፣ ጁላይ 4 ቀን 1997፣ ፓዝፋይንደር የተባለች መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች። ያረፈችው ጣቢያ የካርል ሴጋን መታሰቢያ ጣቢያ ተብላ ተሰየመች። 2709 ሴጋን የተባለች አስትሮይድም በስሙ ትጠራለች። በ1980 ከብሩስ መሪና ከሉዊስ ፍሪድማን ጋር የመሠረተው የፕላኔቶች ማኅበር እስከ ዛሬ ይሠራል። ወርቃማ ሸክላዎቹን የያዙት ሁለቱ ቮየጀሮች ደግሞ በፀሐይ ነፋስ ከተከበበው ክልል ወጥተው በኮከቦች መካከል ባለው ሕዋ ጉዟቸውን ቀጥለዋል።